የአቶ አንጁሎ ባክቴሪያ

ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ከደማ ጉኑኖ የምትባል የገጠር ከተማ ትዝ ትለኛለች።

በሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ያኔ ሶዶ ውስጥ ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። የድድ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ዘራቸው ከሰው ሰው ምን ያህል እንደሚለያይ ለሚያጠኑ አንድ መምህር ናሙና እሰበስብ ነበር። በሞተር ተፈናጥጬ ጉኑኖ የወረድኩባቸው ጠዋቶች ዛሬም ይናፍቁኛል።

እዚያ አቶ አንጁሎንና ባለቤታቸውን እማማ ማርታን አገኘሁ። የሁለቱም ድድ ይደማል። ናሙና ስወስድላቸው አቶ አንጁሎ፣ "የኔ ባክቴሪያ የሷን ታግሎ ይጥለዋል!" ብለው አሳቁን።

ውጤቱ የደረሰው በዓመቱ ነው። ይዤ ስሄድ እማማ ማርታ ጥቁር ለብሰው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞቱ አራት ወር ሆኗቸው ነበር። የውጤቱን ወረቀት በእጄ ሲያዩ ጠየቁኝ።

"የአንጁሎ ውጤትስ ምን አለ?"

"ባክቴሪያው ከቤት ቤት ይለያያል" አልኩ እየተንተባተብኩ። "የናንተ ግን አንድ ዘር ነው። አንዳችሁ ወደ ሌላችሁ አጋብታችኋል ማለት ነው።"

"እሱ ነው የሰጠኝ። ሲያገባኝ ድዴ ደህና ነበር" አሉና ፈገግ አሉ። "አሁንም አፌ ውስጥ አለ?"

"አለ፤ ግን አይስጉ። ሰኞ ሶዶ ይምጡ፣ ድድዎ ይጸዳል፣ መድኃኒትም ይሰጥዎታል። ድራሹ ይጠፋል።"

ፈገግታቸው ጠፋ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ልጄ፣ አንጁሎን አንዴ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም።"