ነቢይቷን የተሳለሙት እማማ

ሙዚየም ውስጥ የሥዕል ጠባቂ ሆኜ ተቀጥሬ፣ እዚህ ፕሮቤትሳይት የምንለው የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጎረቤቴ እማማ ‹‹ሥራሽን ልየው›› ብለው መጡ። በሙከራ ጊዜ አንዲት ጥፋት ታሰናብታለች። ግን ፍራንክፈርት ስገባ ማደሪያ የሰጡኝን ሰው በምን አፌ እምቢ ልበል? እማማ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ኦስትኤንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር አርባ ዓመት ቢሮ አጽድተው ጡረታ ወጥተዋል።

ጉራዬ መጣ። ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ፊት ፊት እየመራሁ፣ መጽሐፍ ይዛ ጣቷን ወደ ሰማይ የቀሰረች ሴት ሥዕል ዘንድ አቆምኳቸው።

‹‹የትኛዋ ቅድስት ናት?››

‹‹ቅድስት አይደለችም እማማ። ሲቢላ ናት፣ ከክርስቶስ በፊት የነበረች የአረማውያን ነቢይት። የጣሊያን ሠዓሊዎች ልደቱን አስቀድማ ተናግራለች ብለው ከነኢሳይያስ ጎን ይሥሏት ነበር።››

‹‹ልደቱን ተናግራ? ታዲያ ምኗ ነው አረማዊ? ሂጂ ወዲያ!››

ምነው አፌን በቆረጠው! አንድ ጎብኚ ሥዕሉን ሊነካ ሲጠጋ እሱን ለመከልከል ዞር አልኩ። ስመለስ እማማ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሻርፓቸውን ተከናንበው፣ ሊሳለሙ ግንባራቸውን ወደ ሥዕሉ ሰደዋል። ‹‹ኧረ ተዉ!›› ብዬ ስጮህ የአደጋው ደወል አምባረቀ።

አለቃዬ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ጫማውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ‹‹ያንቺ እንግዳ ናቸው?››

‹‹አላውቃቸውም›› አልኩ።

ጀርመንኛ አይገባቸውም እንዳልል፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ አለቃዬ ዞረው በጀርመንኛ፣ ‹‹እኔም አላውቃትም። ጎበዝ ዘበኛ ግን ናት፤ ጮሃ አስደነገጠችኝ›› አሉትና ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። አለቃዬም ንቁ ነሽ ብሎ አመሰገነኝ።

ከሥራ ስወጣ ባቡር ጣቢያው ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

‹‹ፕሮቤትሳይትሽስ?››

‹‹ምንም አልሆነ፤ እንዲያውም ተመሰገንኩ።››

‹‹እሰይ! እሷ ናት የረዳችሽ›› አሉ፣ ነቢይቷን ማለታቸው ነው። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ሳቁ ሲበርድ ወደ ሐዲዱ እያዩ፣ ‹‹ብቻ፣ ‘አላውቃቸውም’ ስትይ ትንሽ እንኳ አላሰብሽም›› አሉኝ።

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።