ስልክ ልቀይር የሄድኩ ቀን

ነገሩ የሆነው ሁለት ሺህ ስምንት አካባቢ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ እኔ ግን ዛሬም ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ ደስ ብሎት ሲያሳየኝ ሳላገላብጠው እመልስለታለሁ። "እንኳን ደስ አለህ" ማለት ያቅተኛል። ምቀኛ ናት ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉኝ።

የአንጋጫ ልጅ ነኝ። ትዳር ይዤ የምኖረው ሆሳዕና ነው፤ እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ታምራት ደቡብ አፍሪካ ነበር። እኛ አገር ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ታምራት መጻፍ አይወድም፤ ወሬ ግን ሲችልበት! እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በዋትስአፕ ድምፁን ቀድቶ ይልክልኛል። ስለ ሱቁ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ደንበኞቹ ጠባይ ያወራል፤ መሃል ላይ ወደ ከምባትኛ ይዞርና ለአባባ መልእክት ያስቀምጣል።

ለሠርግ ከመጣ ሰው ጋር አይፎን ላከልኝ። እኔ የምይዘው አንድሮይድ ነበር፤ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም እጄ ለምዶታል። አይፎኑን ከነሳጥኑ አስቀምጬ ልቀይር አልቀይር ስል ከረምኩ። አንዱ "ቫይረስ አይገባው፣ ካሜራውስ ብትይ!" ይለኛል። ሌላው "ሜሞሪ ካርድ አይቀበል፣ መዝሙር እንኳን ከሰው ተቀብለሽ አትጭኚበት፣ ምን ያደርግልሻል?" ይለኛል። ባለቤቴ ማርቆስ ደግሞ "ስልክ ስልክ ነው" ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

አንድ አርብ ረፋድ ላይ ማርቆስ ቢሮዬ ድረስ መጣ። መጥቶ አያውቅም። አይፎኑን ከቤት ይዞታል።

"ተነሺ፣ ዛሬ ይሄን ስልክ እናስቀይር። አለቃሽን አስፈቅጄልሻለሁ" አለኝ።

ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አጠፋና ኪሱ ከተተው። ምን ነካው ብዬ ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም።

በባጃጅ ተሳፍረን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ስልክ ቤት ሄድን። የሱቁ ባለቤት ከድር ይባላል፤ ከዚያ በፊት አላውቀውም። ማርቆስ በር ላይ ለብቻው አነጋገረው፣ ሁለቱንም ስልኮች ሰጠው፣ "ጉዳይ አለኝ፣ እስክመጣ እዚሁ ቆዪ" ብሎኝ ሄደ።

ከድር ወንበር ሰጠኝ፤ ለስላሳም አስመጣልኝ። እኔም ጥያቄዬን አዘነብኩበት። ፎቶዬ ይሻገራል ወይ? የሰው ቁጥርስ? የወንድሜ ድምፅስ?

"ፎቶና ቁጥሩ ይሻገራል። የዋትስአፑ ድምፅ ግን ከአንድሮይድ ወደ አይፎን አይሄድም" አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

"እንግዲያው ድምፁ ይቅር። አሮጌውን ለባለቤቴ እህት ልሰጣት ስለሆነ ሙልጭ አድርገህ አጥፋልኝ" አልኩት።

"አላጠፋውም።"

"ለምን?"

"ድምፁ ያስፈልግሻል።"

"ኧረ የኔ ወንድም ወሬ መች ያልቅበታል! የፊታችን እሁድ ሌላ ይልክልኛል" አልኩት እየሳቅኩ።

ከድር ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ የብየዳው ጭስ ነው አለኝ። "እህቴ፣ ዛሬ ምንም አትወስኚ። አሮጌው እኔ ጋ ይደር። ወላሂ አደራሽን አልበላም" አለኝ።

ቱግ አልኩ። "ስልኩ የኔ፣ ወንድሙ የኔ፣ አንተ ምን አገባህ?" አልኩት። ሲምሽ ለአይፎኑ እንዲሆን መቆረጥ አለበት፣ መቁረጫው ነገ ነው የሚመጣው እያለ፣ አይፎኑን ሲነካካ ቀኑ መሸ።

በዚህ መሃል ሰው ይገባል ይወጣል፤ ሁሉም ዞር ብሎ ያየኛል። በአይፎኔ የቀኑ መስሎኝ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴትማ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "አይዞሽ" አለችኝ። እኔ ሞኟ ስልኩ ያስቸገረኝ መስሏት ነው ብዬ "ቀስ እያልኩ እለምደዋለሁ" ብዬ መለስኩላት።

ማታ ማርቆስ መጥቶ ወሰደኝ፤ ሁለቱም ስልኮች ከድር ጋ አደሩ። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በራችን ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ቆመዋል፤ ከኋላቸው አጎቴ አለ። አጎቴን ከአንጋጫ በዚያ ሰዓት ሳየው መርዶ መሆኑ ገባኝ። "ማነው?" ብቻ ነው ያልኩት።

ታምራት ሐሙስ ዕለት በመኪና አደጋ ሞቷል።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ደርሶ፣ ማለዳ ነው። ድሮ ሰው አፉን ቢጠብቅ ይበቃ ነበር፤ አሁን ስልክም ይወሰዳል። አርብ ጠዋት የታምራት ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ነበር። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ስልክ አማርጣለሁ!

ማርቆስን "ወንድሜ ሞቶ ቀኑን ሙሉ አሳቅከኝ" አልኩት። እሱም "ምን ላድርግ፣ ወጉ ነው" አለኝ። አስከሬኑ መጥቶ፣ ተቀብሮ፣ ለቅሶውም አልፎ ይሄ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ።

ከድር ለቅሶ ቤት መጣ። አሮጌውን ስልክ እጄ ላይ አስቀምጦ "ምንም አልነካሁትም። ድምፁን ግን በሜሞሪ ካርድም ገልብጬልሻለሁ" አለኝ። የማላውቀውን ሰው እጅ ይዤ አለቀስኩ። ያን ቀን እሺ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይኖረኝ ነበር? አንጋጫ ስሄድ አባባ "አሰሚኝ" ይሉኛል። ታምራት ሲያወራ እሳቸው አፍ አፉን የሚያዩት ይመስል ይመልሱለታል። እኔም አልቀየርኩም፤ አይፎኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ የእትዬ አበበች ልጅ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሞተ። ሽማግሌዎቹ "አንቺ ትቀርቢያታለሽ፣ ስልኳን በዘዴ ተቀበያት" አሉኝ። እኔስ አላደርገውም፣ እውነቱን ፊት ለፊት እነግራታለሁ ብዬ ከቤት ወጣሁ።

እትዬ አበበች ደጃፏ ላይ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ስታየኝ ፊቷ በራ። "ነይ ግቢ፣ ምነው በጠዋት?" አለችኝ።

ልነግራት የመጣሁትን ተውኩና "ስልኬ ተበላሽቶብኝ ነው፣ አንዴ አውሺኝ" አልኳት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። "ቶሎ መልሺልኝ እንጂ፣ ልጄ ይደውል ይሆናል" አለችኝ።

ከግቢዋ በር እንደወጣሁ ስልኩን አጠፋሁት። ማርቆስን ከልቤ ይቅር ያልኩት ያኔ ነው።