የወንድሜ ቁጥር

ቆቦ ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሰዎች ወጥ ቤት እስል ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት የቤቱን ልክ ይልክልኛል፤ እኔ ፕላኑን በኮምፒውተር ሠርቼ እመልሳለሁ። ምድጃው የት እንደሚቆም፣ መስኮቱ ወደ የት እንደሚከፈት የምወስነው እኔ ነበርኩ። ለሰፈሩ ሰው ግን ተምራ ሥራ ያጣች፣ ቀኑን ሙሉ በር ዘግታ የምትውል ልጅ ነኝ። ለማስረዳት ሞክሬ ሰልችቶኝ ተውኩት።

ችግሩ ኔትወርክ ነበር። በጠፋ ቁጥር ላፕቶፔን አቅፌ በሚኒባስ ወደ ሮቢት ወይ ወደ ጎብዬ እሄዳለሁ፤ እዚያም ጠፍቶ ይጠብቀኛል። አንድ ጊዜ ለሳምንታት ተቋርጦ ሲመለስ፣ አለቃዬ “ሌላ ጊዜ እንዲህ ከጠፋሽ አብረን መቀጠል አንችልም” ብላ ጽፋልኝ አገኘሁ። ያኔ ነው በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች ስለሚሰጥ ቪዛ ማንበብ የጀመርኩት። ነገሩ “አገራችን ገብተሽ ኑሪ፣ ሥራ ግን አትጠይቂን፤ ሥራሽን ይዘሽ ነይ” እንደማለት ነው። ለእናቴ ስነግራት፣ “ሥራው እዚህም ያው፣ እዚያም ያው ከሆነ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?” አለችኝ። እኔ ግን ማመልከቻውን መሙላት ጀመርኩ።

ማመልከቻው ሁልጊዜ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የኔ ባትሪው እያለቀ ይጠፋል፤ በቤታችን ሁልጊዜ የሚሠራ ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ የወንድሜ።

ወንድሜ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ ሁለቱን በሬዎቻችንን ወደ በረሃው ላሽሽ ብሎ ወጣ። ኔትወርክ ስላልነበረ “ምን ያደርግልኛል” ብሎ ስልኩን መስኮቱ ላይ ትቶት ሄደ። በሬዎቹ ከቀናት በኋላ ራሳቸው ተመለሱ። ገመዱ አንገታቸው ላይ ነበር። እሱ አልተመለሰም፤ አየሁት የሚል ሰውም አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ያ ስልክ በቤታችን ውስጥ እንደ አንድ ሰው ሆነ። መብራት ሲመጣ እናቴ አስቀድማ የምትሰካው እሱን ነው። መስመሩ እንዳይዘጋ ካርድ የምሞላው እኔ ነኝ። “ሰው በቃሉ የሚያውቀው የራሱን ቁጥር ነው” ትላለች፤ “ካለበት ቢደውል ወደዚሁ ነው የሚደውል።” ሌላም እምነት ነበራት። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩተው ነው የሚያረዱት። ስለዚህ በእናቴ ሐሳብ የስልክ ጥሪ ክፉ ወሬ ሊሆን አይችልም። የምትፈራው በሩን ነበር። ወተት የሚያመጣልንን ሰውዬ እንኳ ማለዳ እንዳያንኳኳ፣ ከውጭ ሆኖ እንዲጣራ አስጠንቅቃዋለች።

ቁጥሩን ስጪ ያለችኝ ራሷ ናት። “የሱን ስጫቸው፤ እሱ አያሳፍርሽም” አለች። ማመልከቻው ከገባ ግን ወራት አለፉ። እሷም ረሳችው፤ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

ጥሪው የመጣ ቀን ገበያ ወጥቼ ነበር። በባጃጅ ስመለስ ደጃችን ሰው ሞልቶበት አየሁ። መርዶ የመጣ መሰለኝ። ስወርድ የሰማሁት ግን እልልታ ነው። እናቴ ነጠላዋ መሬት ለመሬት እየተጎተተ፣ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

“ተገኘ! የባዕድ አገር ሰው ነው የደወለ። ቋንቋው አልገባኝም፤ ቢሆንም የአባታችሁን ስም ጠርቷል! በጆሮዬ ሰማሁት!”

ቁጥሩን አየሁት። የመጣው ካመለከትኩበት አገር ነው። ሰውዬው የኔንም ስም ጠርቶ ኖሯል፤ አጣሞት ሊሆን ይችላል፣ እሷ የለየችው የአባቴን ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አፍ አፌን ያያል። ኢሜይሌን በራሴ ስልክ ከፈትኩት። ቪዛው ተፈቅዶልኛል። ስንት ወር የጠበቅኩትን ነገር እንደዚያ ጠላሁት።

“እማ፣ ለኔ ነው” አልኳት።

ወዲያው ገባት። የተሰበሰበው ሰው አንድ ባንድ ወጣ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ የለም፣ ማንስ ይላል። እናቴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

“ሰጡሽ?” አለች በመጨረሻ።

“ሰጡኝ። ግን አልሄድም።”

ከልቤ ነበር ያልኩት። ተነሥታ ስልኩን ሰካችው።

በማግስቱ ጎረቤታችንን አስጠራቻቸው። ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈራችን እርቅም ሆነ መርዶ ያለ እሳቸው አይሆንም።

“ንገሩኝ” አለቻቸው።

“ምኑን ነው የምነግርሽ፣ እቴ?”

“የልጄን መርዶ።”

“አስተግፊሩላህ! ያላየነውን፣ ያልሰማነውን እንዴት አድርገን እናረዳሻለን? መርዶ ለምኖ የሚቀበል ሰውስ የት አለ?”

“ይቺ ልጅ ልትሄድ ነው” አለች። “እኔ ሁለት ሰው መጠበቅ አልችልም። የአንዱን እርሜን ላውጣ፤ አንዷን ልጠብቅ።”

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። “አብሽሪ” ብቻ ብለዋት ወጡ።

በዚያው ሳምንት አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ተጣጥባ፣ ለብሳ ቁጭ ብላ ነበር የምትጠብቃቸው። ሆኖም ሲነግሯት ምንም እንደማያውቅ ሰው ጮኸች። እስከዚያች ቀን ድረስ ይዛው የኖረችው ጩኸት ነው፤ አሁንም ድንገት ይሰማኛል። ፎቶውንና ልብሱን ዘርግተን አለቀስን፤ ፍትሐት ተደረገለት። ለቅሶው ሲያበቃ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እኔ እንድሄድ እሱ ሞተ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አሁን ባሕር አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያንኑ የሰው ወጥ ቤት እስላለሁ። ኔትወርኩ ጠፍቶ አያውቅም። እናቴ የራሷ ስልክ የላትም፤ ስደውል የምደውለው በዚያው በወንድሜ ስልክ ነው። ስልኬ ላይ “ወንድሜ” የሚል ይወጣል፤ ልለውጠው እልና እጄ እምቢ ይለኛል። እሷ ገና መጥራት ሲጀምር ታነሣዋለች። ካነሣች በኋላ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ትላለች። እኔም በዚያች ዝምታ መሃል ቶሎ መናገር አልደፍርም። ሲጨንቀኝ “እማ” እላታለሁ።

“አንቺ ነሽ እንዴ?” ትለኛለች።