አባቴን ማንም ያልቀደመበት ጠዋት

ልጅ እያለሁ አባቴ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው አይወድም ነበር። አሰላ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበር፤ ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም፤ ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ዳገት እንደ ሰው ተረጋግቶ ሲወጣው አይቼ አላውቅም። ከእናቴ ጋር ገበያ ስንወጣ ሃምሳ እርምጃ ቀድሞን ይሄድና ቆሞ «ዛሬ ነው ወይስ ነገ የምትደርሱት?» ይለናል። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያዩት ሳይጠሩ መሮጥ ይጀምሩ ነበር፤ ፈርተውት ብቻ ሳይሆን ወደውትም ጭምር ይመስለኛል።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ታዲያ የተሳፈረበት ጋሪ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠና የዚህ ችኩል ሰው ጭን ተሰበረ። እግሩ በጀሶ ታስሮ አራት ወር ተኛ። ጀሶው ሲፈታ እግሩ ከስቶ የእኔን ክንድ አክሎ ነበር፤ ለነገሩ እኔም ቀጭን ነበርኩ። ሐኪሙ «በየቀኑ ይራመዱ፣ ግን ዳገት አይሞክሩ፣ ሜዳ ሜዳውን ይሁን» አለው። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ሥር እንደተቀመጠች የሚያውቅ ሰው ሜዳ ፈልጎ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በዚህ የተነሳ ከከተማው በታች፣ ረግረጉ አጠገብ ወዳለችው አክስቴ ቤት ሄደን ሰፈርን። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት አባቴን ተከትዬ መሄድ የእኔ ሥራ ሆነ።

መንገዱ ከአክስቴ ጓሮ ተነስቶ መጀመሪያ ጫካ ውስጥ ይገባል። ዝግባው ላይ የተቀመጡ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። ጦስኙን ስንረግጠው ሽታው እስከ ጉልበታችን ይወጣል፤ ዛሬም ሻይ ውስጥ ሲገባ ያን ጫካ ነው የሚያሸተኝ። አባቴ አንድ እርምጃ ተራምዶ እስኪያርፍ ድረስ እኔ መሬቱን በእንጨት ጭሬ አንድ ዙር ሰኞ ማክሰኞ እጫወታለሁ። ከጫካው ሲወጣ ረግረጉ ነው፤ ከእኔ የሚረዝም ፊላ፣ የእርጥብ ጭቃ ሽታ፣ የማይታዩ ዳክዬዎች ጫጫታ። በመሃሉ ሰዎች አፈርና ድንጋይ እየደለደሉ ያበጇት ጠባብ መንገድ ታልፋለች። ለአንድ ሰው ወይም ለአንዲት የተጫነች አህያ ትበቃለች፤ ሁለት ጎን ለጎን አታስኬድም። ከወዲያ ማዶ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ሰፍቶ ወደ ገበያ ይሄዳል።

የአባቴ ሐሳብ ሳይቀመጥ ድልድዩ ድረስ መሄድ ነበር። መሃል ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ግን አላለፈም። እሱ ላይ ቁጭ ይላል፣ የታመመ እግሩን መንገዱ ላይ አጋድሞ ይዘረጋል፣ ከዚያ እንመለሳለን። ሰው እንዲያየው ስለማይፈልግ ጎህ ሲቀድ ነው የምንወጣው። እናቴ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስትለው «እንቁላል ጋሪ አልተገለበጠበትም» ይላታል። እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ሥራው ካልተመለሰ ትምህርት ቤቱ ወደ ንብረት ክፍል ሊያዛውረው ነበር። አንድ ማታ ለእናቴ እንዲህ ሲላት ሰማሁ፤ «ነገ ድልድዩ ካልደረስኩ በቃኝ። ቁጭ ብዬ ኳስ አስረክባለሁ።» ያን ሌሊት አባቴ ቁጭ ብሎ ኳስ ሲያስረክብ እየታየኝ አለቀስኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጠፈፍ እስኪል ዘግይተን ወጣን። የገበያ ቀን መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም። አባቴ ከፊት ከዘራውን ተደግፎ፣ እኔ ከኋላው፤ ረግረጉ ውስጥ ገባን። ዞር ማለት ስለሚያንገዳግደው ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። ትንሽ እንደሄድን ኮቴ ሰምቼ ዞርኩ። ገብስ የጫነች አህያ የምትነዳ አንዲት ሴት ደርሳብናለች።

በእኛ አገር ታላቅን ከኋላ መጥቶ ዝም ብሎ መቅደም ነውር ነው፤ ሰላም ተብሎ፣ «ልለፍ?» ተብሎ፣ ተመርቆ ነው የሚታለፈው። እዚያ ላይ ግን «ልለፍ» ማለት አባቴን በዚያ እግሩ ጭቃው ውስጥ ውረድ ማለት ነው። ሴትዮዋ እግሩን አየች፣ ጭቃውን አየች፣ ከዚያ የአህያዋን አንገት ያዝ አድርጋ በእሱ እርምጃ መሄድ ጀመረች። እኔ አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከእሷ ኋላ ዶሮ ያንጠለጠሉ ባልና ሚስት መጡ፣ ከዚያ ጎመን የተሸከሙ ሴቶች፣ ከዚያ ሌላ አህያ። ሁሉም ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። በመጨረሻ ልምምድ ላይ የነበሩ ስድስት ሯጮች ከጫካው እየበረሩ ወጡ፤ በአርሲ ሯጭ ሲመጣ መንገድ የሚለቀው ሌላው ሰው ነው። የፊተኛው እጁን ሲያነሳ ግን ሁሉም ቀጥ አሉ። «ሱታ፣ ሱታ» ሲሉ ሰማሁ፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ላባቸው እየጨሰ እንደ ሙሽራ አጃቢ መራመድ ጀመሩ።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆመ። ሁሉም ቆሙ። አህዮቹ እንኳ ቆሙ። አባቴ ድንጋዩን አየው። በልጅ አፌ «ያ አላህ፣ ዛሬን ብቻ» አልኩ። ከኋላዬ አንድም ሰው አላሳለም። ከዘራው ተነሳ፣ ወደፊት ተተከለ፤ አባቴ ድንጋዩን አለፈው። በደስታ መጮህ ስለማልችል የቀሚሴን ጫፍ ነከስኩ።

ድልድዩ ላይ ደረሰ፣ ብረቱን ይዞ ዞረ፤ ሃያ የሚሆን ሰው ዓይን ለዓይን ገጠመው።

«መቼ መጣችሁ?» አለ።

«አሁን ገና መድረሳችን ነው መምህር» አለች ባለ አህያዋ፣ ዓይኗን ሳታሽ። «እንዴት አደሩ? እግርዎ ተሻለዎት?»

ተራ በተራ ሰላም እያሉት፣ እያንዳንዱን እየመረቀ አሳለፋቸው። ሯጮቹ ላባቸው ደርቆ ብርድ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። «ምን ትገተራላችሁ? ሩጡ እንጂ!» ሲላቸው እየሳቁ ተፈተለኩ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ አባቴ ፊቱን ወደ ፊላው አዙሮ አለቀሰ። ወሩ ሳያልቅ እያነከሰም ቢሆን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ተመለሰ።

ዛሬ ያ ረግረግ ዳሩ ላይ ሰው የሚንሸራሸርበት ሰፊ የእግር መንገድ ተሠርቶለታል፤ በየቦታው አግዳሚ ወንበር አለው። እኔ የምኖረው አዳማ ነው። ባለፈው ጥር አባቴን ላየው ሄጄ እዚያ ወሰድኩት፤ ሰማንያ ሊደፍን ነው። ወጣቶቹ ጆሮአቸው ላይ ሙዚቃ ሰክተው በግራም በቀኝም ያልፉናል። ክፉ አይደሉም፤ መንገዱ ስለሚበቃ ማንም ማንንም የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። እኔም አዳማ ላይ ስንት ሽማግሌ ቀድሜ እንዳለፍኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

የዚያን ቀን ምስጢሬን ልነግረው ወሰንኩ። «አባ፣ ያኔ እኮ ሰዎቹ ገና መድረሳቸው አልነበረም። ከመጀመሪያ ጀምሮ ከኋላህ ነበሩ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «የአህያ ኮቴ የማይሰማ የአርሲ ሰው አለ? ድንጋዩ ጋ ስደርስ እግሬ አልቆ ነበር። ግን ብቀመጥ መንገዱን እዘጋባቸዋለሁ፤ ገበያ ሊረፍድባቸው ነው። ሰው ከኋላዬ ቆሞ እንዴት ልቀመጥ?»

ክንዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ጥቂት ከሄድን በኋላ ትንፋሹ ከበደና ቆመ።

«ሩቂ፣ እስቲ ዞር በይ። ከኋላችን ሰው አለ?»

ዞርኩ። ሰፊው መንገድ እስከ ጫካው ድረስ ባዶ ነበር።

«ማንም የለም አባ።»

«እንግዲያው እንቀመጥ» አለኝ።