አድሮ የመጣው እሸት ቡና

ስለ ቡና አጭር ዘገባ በእንግሊዝኛ እንዳዘጋጅ ታዝዤ፣ ዲላ ቢሮዬ ተቀምጬ «ስፖይል» የሚለው ግስ ላይ ቆምኩ። ትርጉሙ ማበላሸት እንደሆነ ማንም ተማሪ ያውቀዋል። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም ነበርና መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። መነሻው ላቲን ነው፤ ከእንስሳ የተገፈፈ ቆዳ፣ እንዲሁም ከወደቀ ጠላት የተገፈፈ ትጥቅ ማለት ነበር። ግሱም በመጀመሪያ መዝረፍ ማለት ነበር፤ ማበላሸት የሚለው ትርጉም ቆይቶ የመጣ ነው። በእኛም ቢሆን በግም ሰውም ይገፈፋል፤ እስከዚህ አልከበደኝም። ዘረፋና ብልሽት በምን እንደተገናኙ ግን አልታየኝም።

በማግስቱ ለዘገባው ኢዲዶ ወደሚባል የቡና ቀበሌ ሄድኩ። ታናሽ እህቴ እዚያ ባለው የቡና መፈልፈያ ጣቢያ የገበሬውን እሸት ቡና ትረከባለች። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ሞቆ ይኮመጥጣል፤ የሁሉም ገበሬ ቡና አንድ ላይ የሚዘፈዘፍበት ገንዳ ከገባ የሌላውንም ያበላሻል።

ጠዋት አንድ ሞተር ጆንያ ጭኖ መጣ። ከኋላ የተቀመጠው አጎታችን ነበር፤ ሁለታችንንም ያሳደገን እሱ ነው። ዝናብ መንገድ ዘግቶበት ቡናው ቤት አድሯል። እህቴ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ሰደደች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞቋል። ገንዳ አይገባም።»

«አንቺ! አዝዬ ትምህርት ቤት ያደረስኩሽ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው እንጂ!»

ወረፋ የያዙት ገበሬዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ከዚያ ሁሉ መሀል አንድ ጆንያ ማን ያውቀዋል?»

«ማንም። ግን የእነዚህን ሰዎች ልፋት መዝረፍ ነው» አለችው፣ ወረፋውን እያየች። «ማድረቂያው አልጋ ላይ ለብቻው እናስጣው፤ ጀንፈል ሆኖ ይሸጣል።»

ጀንፈል ከነቆዳው የደረቀ ቡና ነው፤ ዋጋው ዝቅ ይላል። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ጋዜጠኛው፣ ንገራት እንጂ!»

«መዝረፍ» ያለችውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ኮርቼባት ነበር።

እያጉረመረመ ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ ማድረቂያው አልጋ ላይ ዘረገፈው። በእጁ እየበተነ ሳለ ሌላ ገበሬ ያደረ እሸት ይዞ መጣና እህቴን ይለማመጣት ጀመር። አጎቴ ከቡናው ላይ ቀና ሳይል ጮኸ፦

«እኔን የመለሰች አንተን ልትቀበል ነው? የማን ልጅ መሰለችህ! ና፣ እዚህ አጠገቤ ቦታ አለ!»