ፊት አይታይ፣ ቁስሉ ብቻ

ሚስቴ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ስልክ ላይ ግን ሰው ሁሉ «እህታችን» ነው የሚላት። የእህታችንን እራት የሚሠራው አናጺ ባሏ መሆኑን ማንም አያውቅም፤ እኔም አፌን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

የጀመረችው ከንዴት ነው። ሰዉ ሕመሙን ቤቱ ይዞ ይከርምና፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው ጤና ጣቢያ የሚመጣው። «ካልመጡ እኔ እሄድባቸዋለሁ!» አለችና ቴሌግራም ላይ ገጽ ከፈተች። ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር በአጭር በአጭሩ በቪዲዮ ታስረዳለች። ቪዲዮውን የምቀርጸው እኔ ነኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ «መጋዝ ስትይዝም እንዲህ ነህ?» ትለኛለች።

«መጋዝ አይቆጣኝማ!» እላታለሁ።

ሰው አፍሮ እንዳይቀር ብላ አንድ ደንብ አወጣች። ፎቶ የሚልክ ሰው ፊቱን አያሳይ፣ ስሙን አይጻፍ፣ ቁስሉን ብቻ ቀረብ አድርጎ ያንሳ። ሠራላት። ሰዉ እየላከ፣ እሷም «ይሄ ቤት የሚያዝ አይደለም፣ ነገ ይምጡ» እያለች የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ሞላ። ሥራዋም በዛው በዛ።

ስለ ስኳር ሕመምተኞች እግር ያወራችበትን ቪዲዮ ተከትሎ አንድ ፎቶ መጣ። የአሮጊት እግር ነው፤ የአውራ ጣቱ ጎን ጠቁሯል፣ ዙሪያው ቀልቷል። «ስኳር አለብኝ፣ ግን አያመኝም» ይላል ጽሑፉ። ሚስቴን ያስደነገጣት አለማመሙ ነው።

«እማማ፣ የሚያስፈራው የማያመው ቁስል ነው። እግርዎን ሊያጡ ይችላሉ፤ ነገ በጠዋት ይምጡ» ብላ ጻፈች።

«እሺ ልጄ፣ ተባረኪ» የሚል መልስ መጣ። ሰው ግን አልመጣም። በማግስቱ ስትጠይቅ «እመጣለሁ፤ አንቺስ እንዴት ዋልሽ? በላሽ?» ተባለች። እሷም እንዳያኮርፉ ብላ ስለ ውሎዋ ጻፈችላቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። ፎቶው በመጣ ቁጥር ቁስሉ ብሷል፣ ሴትየዋ ግን የሉም። ሚስቴን እህል አልወርድ አላት። ያን ሰሞን እናቷ ሲደውሉ እንኳ «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውልልሻለሁ» ትልና ትረሳዋለች። እኔም አላስታወስኳትም።

እሁድ ጠዋት እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ አዲሱን ፎቶ ስታይ ተናደደች። «እስቲ እየው፣ እኚህን ሴትዮ ምን ላድርጋቸው?» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። እኔ ቁስል ማየት አልወድም፤ ስለዚህ ዓይኔ ሌላ ሌላው ላይ ዋለ። ሁለተኛዋ ጣት አውራ ጣቱ ላይ ወጥታ ተኝታለች። ስልኩን አየሁ፤ በርጩማው ላይ ያለውን የሚስቴን እግር አየሁ።

«ይቺ ጣት ያንቺ ናት» አልኳት።

«ምን ትቀባጥራለህ!»

«እናትሽ ናቸው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ወጣች፤ እኔም በሩን ሳልቆልፍ ተከተልኳት።

አማቴን አልጋቸው ላይ አገኘናቸው። ተከራያቸው አጠገባቸው ስልኳን ይዛለች፤ ለካ እሳቸው የሚሉትን የምትጽፈው እሷ ናት። አማቴ ሲያዩን እግራቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ሸሸጉ። ሚስቴ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባናቸውና በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ አውራ ጣታቸውን ማዳን አልቻለም፤ እግራቸውን ግን አተረፈው።

ከሰመመኑ ሲነቁ ሚስቴ አጠገባቸው ነበረች። «እማዬ፣ እኔ ልጅሽ እያለሁ ለምን እንደ ባዳ ትጽፊልኛለሽ?» አለቻቸው።

«ስደውል ሥራ ላይ ነኝ ትይኛለሽ» አሉ፣ ምንም ሳይቆጡ። «በቴሌግራሙ ግን ወዲያው ነው የምትመልሺልኝ። ከመጣሁ ደግሞ ቁስሉ ይድንና ወሬያችን ያልቃል ብዬ ፈራሁ።»

ሚስቴ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። እኔም ወደ መስኮቱ ዞሬ አፍንጫዬን ጠረግሁ።