መዝገብ ውስጥ የተቀመጠ መርዶ

እናቴ የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ነበረች። ሹመት አይደለም፤ ደመወዝም የለው። ሰው ራቅ ያለ አገር ሲሞት የእድሩ ሴቶች መጀመሪያ የሚመጡት እኛ ቤት ነበር። ማን እንደሚሄድ፣ ማን ደጅ እንደሚቆም፣ ማን ቀድሞ ገብቶ «ቁርስ በላችሁ?» እንደሚል የምትደለድለው እሷ ናት። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ባዶ ሆድ ላይ አይነገርም። ነፍሰ ጡር አይነገራትም፣ አራስም አይነገራትም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እናቴ ግን ከመሥሪያ ቤቷ መመሪያ አብልጣ ትጠብቀው ነበር።

ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እናቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ሦስታችንን ያሳደገችን በዐሥር ጣቶቿ ነው። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ቀበሌ ይጠብቃታል። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር አድርገዋታል። «አድርገዋታል» ያልኩት መርጠዋታል ማለት ስለማልችል ነው፤ ስሟ ተጠራ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ከዚያ ሁሉ ጣጣ የወደደችው መሠረተ ትምህርቱን ብቻ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሃያ ለሚሆኑ ሴቶች ፊደል ታስቆጥራለች። «ያገኛችሁትን ሁሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡ» ትላቸው ነበር። «የሱቅ ሰሌዳም ይሁን የስኳር መጠቅለያ፣ ፊደል ካለበት አትለፉት።»

እኔ ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት አልነበረኝም። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ እናቴን ከሰፈር ጋር መካፈል ሰልችቶኝ ነበር። ራት የሚበላው እኔ ከሠራሁ ነው። አንድ ቀን «የሰው ቤት ስታቀኚ የራስሽ ፈረሰ» አልኳት። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ስብሰባዋ ሄደች። ያንን በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ፣ ግን ውሸት አልነበረም።

ከተማሪዎቿ ሁሉ ጎበዟ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። የሲዳማ ሴት ናቸው፤ ገበያ ቆጮ ይሸጣሉ፤ የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ እየተሰበሰቡ በለሆሳስ ይዘምራሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ከገበያ ሲመለስ ታፍሶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተወስዶ ነበር። ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ ሁለቱንም ያነበበችላቸው እናቴ ናት። ሁለተኛው በተነበበ ማግስት አዳራሹ መጥተው ተመዘገቡ። «ልጄ የጻፈውን በሰው አፍ መስማት ደከመኝ» አሉ። ያን ጊዜ እርጉዝ ነበሩ።

ስምንት ወር ሲሆናቸው ደብዳቤው ቀበሌ መጣ። ከልጁ አይደለም፤ ስለ ልጁ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብሎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ የእድሩን ሴቶች ሰበሰበችና እርጉዝ ናት፣ ትውለድ ተባለ። ወለዱ፤ ሴት ልጅ። አራስ ናት ተባለ። ከአራስነት ሲወጡ ደግሞ ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኗ ትጎዳለች ተባለ። ሕፃኗ ኩፍኝ ያዛት፤ እስክትድን ተባለ። ልጅቷ ዳነች። መርዶው ግን በየምክንያቱ እየተገፋ ሰባት ወር ሞላው።

ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ባላቸውም ያውቃሉ፤ ለእሳቸው ለብቻቸው ተነግሯቸዋል። ልቅሶ ሲያንቃቸው ወደ ሐይቁ ዳር ይሄዱና ዓይናቸው ቀልቶ ይመለሳሉ፤ «ጭስ ነው» ይላሉ። ጎረቤታችን ብቻ አያውቁም። እናቴን «ደብዳቤ የለም?» ይሏታል፤ እናቴ «መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል» ትላለች። ይህን ስትል ፊቷን አላይም ነበር። እኔም አውቃለሁ፣ እኔም ዝም ብያለሁ።

ወረቀቱን ያስቀመጠችው የተማሪዎች ስም መዝገብ ሽፋን ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ታናናሾቼ እንዳያገኙት ሰግታ ነበር። መዝገቡ ግን ከእጇ አይለይም፤ በዙሪያዋ ያሉት ደግሞ ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ናቸው። ብልህ ሴት ነበረች፤ ማንበብ የምታስተምራቸው ራሷ መሆኗን እንዴት እንደዘነጋች እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በአንድ የክረምት ቀን ለስብሰባ በድንገት ተጠራች። መዝገቡን እጄ ላይ ጥላ «ስም ጥሪ፣ ያለፈውን ከልሺላቸው» ብላኝ ሮጠች። ተናድጄ ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ስም መጥራቱ አስጠላኝ። ጎረቤታችን ሕፃኗን አዝለው ፊት ለፊቴ ነበሩ። «እትዬ፣ እርስዎ ይጥሩልኝ» አልኳቸውና መዝገቡን ሰጠኋቸው።

ደስ አላቸው። ተነሥተው ቆሙ። ሽፋኑን ሲገልጡ ወረቀቱ ወደቀ፤ አነሡት፤ በታይፕ የተጻፈ ነበር። ፊደል ካለበት አትለፉት ተብለዋልና ጣታቸውን አስጠግተው ጮክ ብለው ጀመሩ። መጀመሪያ ያገኙት የልጃቸውን ስም ነው። «የልጄ ስም ነው!» ብለው ፈገግ አሉልኝ። እኔ ገና ያኔ ገባኝ። ተነሥቼ መንጠቅ እችል ነበር፤ ሁለት እርምጃ ነው። አልተነሣሁም። እሳቸው ቃሉን እየነጠሉ «በ…ግ…ዳ…ጅ ላይ… ሳለ…» እያሉ ቀጠሉ። «መሥዋዕት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ቀና አሉ። ሃያው ሴት ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ከወረቀቱ ይልቅ የነገራቸው ያ ይመስለኛል።

አልጮኹም። ወደ ወረቀቱ ተመልሰው ቀኑን አነበቡ፣ ወሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ አጠገባቸው ወደ ነበረችው ሴት ዞሩ። «ለልጅሽ ሠርግ ጨፍሬአለሁ» አሉ። «አንቺም አጨበጨብሽልኝ።»

ሕፃኗን እንዳዘሉ በዝናቡ ወጡ።

እናቴ ከስብሰባ ስትመለስ ነገርኳት። ነጠላዋን እንኳ ሳታደርቅ ወደ አጥሩ ሄደች። ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት፤ ግቢ አላሏትም። «ለወተቴ አዘንሽ» አሏት። «ለእኔ ግን አላዘንሽም።» እናቴ የልቅሶው ድንኳን ሲተከል ዳር ላይ፣ ዝናብ የሚያፈስበት ቦታ ተቀምጣ ሦስቱን ቀን ዋለች። እኔን አንድ ቃል አልተቆጣችኝም። «መዝገቡን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» ብቻ አለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤታችን ወደ ትምህርቱ አልተመለሱም፤ እናቴም ከዚያ ወዲያ መርዶ አልነገረችም። ሲጠሯት «እኔ አልችልበትም» ትል ነበር።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ዲላ ገባሁ። ደርግ ገና አልወደቀም ነበር። በወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ። አማቴ ገና ሲያዩአቸው በዓይናቸው «አራስ ናት» አሏቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ጎረቤታችን። ሳይቀመጡ ወደ እኔ መጡ። «እናትሽ ትናንት ከሰዓት በኋላ አረፈች። ደም ግፊቷ ነው። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰፈሩ አትነገር ብሏል። እኔ ግን በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሁ።»

ለአንድ አፍታ ጠላኋቸው። ከዚያ እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሳቸው ልጄን አቀፉልኝ፣ ልብሴን አለበሱኝ፣ ይዘውኝ ወጡ።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጄ ራበውና አለቀሰ። እያለቀስኩ ጡቴን ሰጠሁት። ወተቴ አልደረቀም፤ እንዲያውም ቀሚሴን አራሰው። ጎረቤታችን አዩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ ትከሻቸው እስከ ይርጋለም ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አራስ ቤተ ክርስቲያን አትገባምና ቅጥሩ በር ላይ ቆምኩ። ተሸካሚዎቹ ለአፍታ አቆሙልኝ፤ እጄን ሣጥኑ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ አስገቧት። ጎረቤታችን ልጄን እንዳቀፉ ከጎኔ ቆመው ቀሩ። የገዛ ልጃቸው የት እንደተቀበረ የነገራቸው የለም።